የብልቃጡ አፈር

ጠጋኟ ሥራዋ የውጭ ልብስ መጠገን ነው። ከከተማዋ ዋና በር ወዲያ የሚተነፈስ አየር የለም፤ ሰው ለሥራ ሲወጣ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ልብሱ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ካለችው ሰውየው በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ነፍሱን በእሷ ክር ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚውለው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ማወቋ ደግሞ ከአረማመዷ ያስታውቃል።

ከተማዋ ተራራ ሆድ ውስጥ የተፈለፈለች ናት። ሰዎቿ ከምድር በሁለት መርከብ ተጭነው ነው የመጡት። ቀድማ የደረሰችው መርከብ ተወላጆች ፊተኞች ይባላሉ፤ ዘግይታ የደረሰችው ተወላጆች ደግሞ ኋለኞች። ከሁለቱም መርከብ የወረደ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፣ የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ሸብተዋል። ምድርን ያየ አንድ ሰው አይገኝም። ሰው ግን ያላየውን አገር የሚወደውን ያህል የሚኖርበትን አይወድም፤ ፊተኞች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር "እኛ የምድር ሰዎች" ማለት ይቀናቸዋል። ታዲያ ኋለኞች ከየት መጡ ቢባል መልስ የለም። እነሱም ከዚያችው ምድር ነው የመጡት፤ ልዩነቱ አፈር አለመያዛቸው ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ አፈር ላይ ነው። የፊተኞች ቅድመ አያቶች ከአገራቸው ሲነሡ አንድ ብልቃጥ አፈር ይዘው ነበር። ልጅ በተወለደ ሰሞን ፊተኛ ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰብና የብልቃጡ ጠባቂ፣ ባለአፈሩ የሚሉት፣ ከአፈሩ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ሕፃኑን ምላሱ ላይ ያቀምሰዋል። "ይህ ከመጣንበት ነው" ይላል ባለአፈሩ። ሕዝቡ "እኛም ከእሱ ነን" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ፊተኛ ነው። ሲያድግ በላይኛው ሰፈር ቤት ይሰጠዋል፤ ሲሞትም ስሙ ተቀርጾ ከአያቶቹ ጎን፣ ድንጋይ ውስጥ ይተኛል። አፈር ያልቀመሰ ሲሞት ምድጃ ይገባል። የመቃብር ቦታ ጠባብ ነው ይባላል። ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠበው ለሌላው ሰው ነው።

ባለአፈሩ የጠጋኟ ታላቅ ወንድም ነው። ብልቃጡ ከአያታቸው ወደ እናታቸው፣ ከእናታቸው ወደ እሱ የመጣ የቤተሰቡ አደራ ነው። ጠጋኟም የባለአፈሩ እህት በመሆኗ በአዳራሹ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ ያን ወንበር ለንጉሥ ዙፋን አትለውጠውም።

እንግዲህ ይህች ሴት አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ በላይኛው ሰፈር ሐኪም ቤት አስታማሚ ናት፤ ቆንጆ፣ ሥራ ወዳድ፣ አንገቷን ደፍታ አዳሪ። ስንቱ ፊተኛ ደጅ ሲጠናት ሄዳ ኋለኛ አገባች፤ ያውም የምድጃ ሠራተኛ። እናቲቱ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ በሠርጉ ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ይህ ሁሉ የእናት ወግ ነው፤ ጊዜ ያበርደው ነበር። ያላበረደው ሌላ ነው።

ልጅቱ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሳንባዋ ደካማ ሆኖ ተወለደችና ሐኪሞቹ ተስፋ የለም አሉ። አባቱ ኋለኛ የሆነ ልጅ አፈር የሚቀምሰው ከእናቱ ወገን አንድ ሰው አዳራሽ ቆሞ "የእኛ ናት" ብሎ ዋስ ሲሆን ብቻ ነው። ልጅቱ ሕፃኗን ታቅፋ እናቷ ሥራ ቦታ መጣች። ጠጋኟ የአንድ ሠራተኛ ጓንት ጭኗ ላይ ዘርግታ አውራ ጣቱን ትሰፋ ነበር።

"እማዬ፣ አፈር ስሆንልሽ" አለች ልጅቱ። "ትሙት ከተባለ ትሙት፤ እሱን የእኔ ልመና አይመልሰውም። ብቻ ምድጃ አትግባብኝ። ከአያቴ ጎን ትተኛ። ቆመሽ ‘የእኛ ናት’ በዪልኝ። ሁለት ቃል ናት እኮ።"

ጠጋኟ መርፌውን ከእጇ አላወረደችም። "አፈሩ ደሙን ያውቃል" አለቻት። "ያን ሁሉ ዘመን ንጹሕ ሆኖ የቆየ ነገር እኔ ለገዛ ልጄ ብዬ ላርክሰው? ሰው ምን ይለኛል?"

ልጅቱ ሕፃኗን ተጨማሪ ጨርቅ ደረበችላትና ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው። ሕፃኗ በዚያው ሳምንት አረፈች። በዕለቱ የምድጃው ተረኛ አባትየው አልነበረም፤ ግን "ልጄን ሌላ ሰው አይነካብኝም" ብሎ ተረኛውን አስወጣና በሩን ራሱ ከፍቶ ራሱ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ መንገድ ላይ ሲገናኙ ልጅቱ እናቷን የምታያት ግድግዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ አትሸሽም፣ ሰላምም አትል።

ጠጋኟ ልክ ነኝ ብላ ኖረች። ልክ ካልሆነች ሌላ ምን ልትሆን ነው? ሌሊት ሌሊት የሕፃኗ ትንፋሽ፣ ያ እንደ ተቀደደ ልብስ የሚያፏጨው፣ ጆሮዋ ላይ ይመጣባታል። "ለአፈሩ ነው፣ ለአፈሩ ነው" ትላለች፤ ትተኛለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ባለአፈሩን ድንገት ቀኝ ጎኑን ሽባ አደረገውና አልጋ ላይ ዋለ። ምላሱ ደህና ነው፤ እጁ ግን ማንኪያ አይዝም። የአዳራሹ ሊቀመንበር ሚስት በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበርና ሥርዓቱ ለማግስቱ ተቆርጧል። ባለአፈሩ እህቱን አስጠራት።

ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ከአልጋው አጠገብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የደረሰ የውሃ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ጎን በጨርቅ የተጠቀለለው ብልቃጥ። ጠጋኟ ብልቃጡን ከአዳራሽ ውጭ አይታው አታውቅም፤ ስታየው ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት።

"ነገ አንቺ ነሽ የምታቀምሽው" አላት። "የእኔ እጅ እንደሆነ ከድቶኛል። ክፈቺው እስቲ።"

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ከፈተችው። ገለበጠችው። መዳፏ ላይ የወደቀ ነገር የለም።

"ወንድም ጋሼ" አለች። "ባዶ ነው። ሰርቀውሃል።"

"ባዶ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ሙሉ ቢሆን ለምን እጠራሽ ነበር? ባለፈው ለመንታዎቹ ሕፃናት ጨርሼው መሙያ ሳላገኝ ነው ይሄ ደዌ የጣለኝ። በይ ሚጣ፣ ሳይመሽ ሂጂና ሙዪው።" ሚጣ የሚላት በዓለም ላይ የቀረ ሰው እሱ ብቻ ነው።

"በምን ልሙላው?"

ወንድሟ ትንሽ አያት። ጨዋታ የምትጫወት መስሎት ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከፊቱ ግማሹ ብቻ ታዘዘለት።

"በምን ይሞላል? ታች ማጣሪያ ክፍል ሂጂ። የላይኛውን እንዳትነኪ፤ እሱ የልብስ ብናኝ ይበዛዋል፣ ሕፃኑ ምላስ ላይ ጸጉር ይሆናል። ታችኛውን ክፈቺ፣ የምድጃውን። እሱ የላመ ነው። በስስ የሴት ካልሲ ሁለት ጊዜ ንፊውና አንድ ጠብታ ዘይት ጣል ታደርጊበታለሽ፣ ያኔ አፈር አፈር ይላል። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ቀላል ነው።"

ጠጋኟ ባዶውን ብልቃጥ አቀናችው። "የምድርስ አፈር?"

"የቱ የምድር አፈር? እሱማ አያታችን ሳትወለድ ነው ያለቀው። አንዳንዶቹ ገና መርከቧ ላይ ሳሉ ርሃብ ጠንቶባቸው ድንች ተክለውበታል ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።" ከዚያ ፊቷን ልብ ብሎ አየው። "አንቺ... እናታችን አልነገረችሽም?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"ወይ ጉድ። እኔ እኮ ‘ለሴት ልጇ ሳትነግር አትሞትም’ ብዬ... ስታውቂ የኖርሽ መስሎኝ።" ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ ሊጎዳት አስቦ አልነበረም፣ ሊያደንቃት እንጂ። "ያን ጊዜ ልጅሽን ስትመልሻት፣ እኔ በልቤ ‘ይህች ሴት ከእኔ ትበልጣለች’ ነው ያልኩት። ምስጢሩን እያወቀች ለሥርዓቱ ብላ ይህን ያህል ከጨከነች፣ ብልቃጡ ለእሷ ነበር የሚገባው ብያለሁ። እኔ አልችልም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? አንድ ቃል ብትተነፍሺ ሕፃኗን አቀምሳት ነበር። ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።"

ጠጋኟ "አመድ ነው እኮ" አለች።

"አፈር በዪው፣ አመድ በዪው፣ ምላስ አይለየውም።"

ሂጂ ስላላት ሄደች። ሌላ ቢሆን ብልቃጡን ግድግዳ ላይ ይፈጠፍጠው ነበር ይባል ይሆናል፤ ሰው ግን ድንገት መሬት ሲከዳው የመጀመሪያ ሥራው የያዘውን ዕቃ አጥብቆ መያዝ ነው። ብልቃጡን ካፖርቷ ሥር አደረገችና ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወስደውን ደረጃ ወረደች።

ማጣሪያ ክፍሉ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሰው የሚያሳልፉ ወፋፍራም ቱቦዎች ጎንና ጎኑን የሚያልፉበት፣ የሞተሩ ጩኸት ጥርስ ውስጥ የሚሰማ ቦታ ነው። ግድግዳው ወዲያ ማዶ ምድጃው አለ። ለዚህ ክፍል ሰው የሚመድቡት ከምድጃ ሠራተኞች መካከል ነው። የዕለቱ ተረኛ ሲነሣላት አየችው፤ አማቿ ነበር።

ሁለቱም ደነገጡ። እሱ ቀድሞ ራሱን ሰብሰብ አደረገና ብቸኛዋን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላት። "ይቀመጡ እማማ። በደህና ነው? ምን ልታዘዝ?"

ለዕርቅ የመጣች መስሎታል። ፊቱ ላይ ያ ተስፋ ሲፈነጥቅ አየችና ዓይኗን ሰበረች። "ወንድሜ ልኮኝ ነው" አለች። "ከታችኛው ማጣሪያ ትንሽ አቧራ።"

"እህ፣ ለናሱ መወልወያ? እሳቸውም ለዚያ ሲሉ ነበር የሚመጡት። የአዳራሹን ናስ ከዚህ የተሻለ አያነጣውም ይሉናል።" ቅር እንዳለው ያስታውቃል፤ ግን ቅሬታውን ዋጠና መፍቻውን አነሣ። ከብረት ክዳኑ ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ያዘ። ከዚያ በኋላ ነው ብሎኖቹን መፍታት የጀመረው።

"ኮፍያህን ለምን አወለቅህ?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው።" ብሎኖቹን እያየ ነው የሚናገረው። "ከምድጃው የሚወጣው ጢስ በዚህ ነው የሚያልፈው። የላይ የላዩን በየጊዜው እናራግፈዋለን፤ ከሥር ያለው ግን ዓመታት ይቆያል፣ ሞተሩ እያንቀጠቀጠ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ያወጣው እንደሆነ እንጂ። እና... ልጃችንም በዚህ ነው ያለፈችው። ሥጋዋ ሌላ ቦታ የለም እማማ። ባለቤቴ እዚህ ድረስ መምጣት አትችልም፤ ስለዚህ እኔ በቆምኩ ቁጥር ለሁለታችንም አወልቃለሁ።"

ክዳኑን አነሣ። ውስጡ ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ ትቢያ ተኝቷል።

ጠጋኟ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ነገር አወቀችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአዳራሹ ከፊት ወንበር ተቀምጣ "እኛም ከእሱ ነን" ስትል የኖረችለት፣ የየሰዉ ሕፃን ምላስ ላይ ሲነካ በእንባ ያየችው አፈር፣ ከላይኛው ሰፈር ያራቋቸው ኋለኞች አመድ ነው። ከእሱም ውስጥ አንዷ ጭብጥ የልጅ ልጇ ናት። የባዳ ልጆች ሲቀምሷት ኖረዋል፤ እሷ ግን እንዳትቀምስ ተከልክላ ነው የሞተችው። የከለከለቻት ደግሞ የገዛ አያቷ ናት።

"ከላዩ ይበቃዎታል?" አለ አማቿ ጭልፋውን ይዞ። "እባክዎ ከሥር አይንኩብኝ።"

"ከላዩ ይበቃኛል" አለች።

እቤቷ ገብታ ካልሲ ቀደደች፣ ነፋች፣ ደግማ ነፋች። እጇ ያለ እሷ ፈቃድ ይሠራል። ከካልሲው ላይ የቀረችውን እንኳ አልጣለችም፤ በጨርቅ ቋጥራ ትራሷ ሥር አደረገችና ሲነጋ ለመናገር ቆርጣ አደረች። "ሁሉንም ፍርጥ አደርገዋለሁ፤ ሊቀመንበሩም ይስማ፣ ሚስቱም ትስማ" አለች ለግድግዳው።

በማግስቱ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ባለአፈሩን በወንበር ተሸክመው አምጥተውታል። የሊቀመንበሩ ሚስት ሕፃኑን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝታ ቀረበች። ጠጋኟ ብልቃጡን ከፈተች፤ ቀና ብላ ሕዝቡን አየች፤ አፏንም ከፈተች።

ያኔ ትዝ ያላት አማቿ ነው፤ ኮፍያው በብብቱ። ብትናገር ከተማው ይታመሳል፤ ይታመስ፣ ስለሱ ግድ አልነበራትም። ግን ወሬው ሳይመሽ ምድጃው ጋ ይደርሳል። ያ ሰው ቆሞ የሚያከብረውን ነገር በጭልፋ እየቀዳ ለባዕድ አፍ ሲሰጥ እንደኖረ ይሰማል። ልጇም ትሰማለች። ሕፃኗን አንድ ጊዜ ቀብረዋታል፤ ጠጋኟ ደግማ ልታስቀብራቸው ነው። ሆድ ይፍጀው አለች። የመጣላትን ሁሉ መልሳ ዋጠችው።

ግን ዝም ብላ ደግሞ ማቀመስ አልቻለችም። ጣቷን ብልቃጡ ውስጥ አስገባችና፣ ከዚያ በፊት ማንም ባለአፈር ያላደረገውን፣ መጀመሪያ የራሷን ምላስ አስነካች። "የእኛ ናት" አለች። እንባዋ ጉንጯን አልፎ ብልቃጡ አፍ ላይ ተንጠባጠበ። "የእኛ ናት፣ የእኛ ናት።"

ሊቀመንበሩ ልጁ ወንድ መሆኑን ሹክ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ አየና ተወው። ባለአፈሩ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷም ጣቷን ደግማ ነክራ ሕፃኑን አቀመሰች፤ የሚባለውን አለች፤ ሕዝቡም "እኛም ከእሱ ነን" ብሎ መለሰ፤ በዚያ አዳራሽ እንደዚያ ዕለት እውነት የተነገረበት ቀን የለም። ሚስትየው የጠጋኟን እጅ ሳመች። "እንደዚህ ያለ እምነት ዛሬ የት ይገኛል?" እያሉ አወሩላት።

ወንድሟ ሲሞት ብልቃጡ ለእሷ ሆነ። የራስን ምላስ አስቀድሞ ማስነካቱና "የእኛ ናት" ማለቱ የሥርዓቱ አካል ሆኖ ቀረ፤ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። አስተማሪው ልጆቹን አዳራሽ እያመጣ "ይህ ልማድ ቅድመ አያቶቻችን ከምድር ይዘውት የመጡት ነው" ብሎ ያስረዳል። እሷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትሰማለች፤ አታርመውም። ምን ብላ ታርመዋለች?

ልጇ ሁለተኛ ወለደች፤ ወንድ፣ ጤነኛ፣ ሲያለቅስ ታችኛው ሰፈር ሁሉ የሚሰማው። ጠጋኟ ሰማችና ብልቃጡን ካፖርቷ ሥር ይዛ ደረጃውን ወረደች። ልጅቱ በሩን ከፈተችው፤ ግን ከደፍ አላለፈችም፣ ግቢም አላለቻትም። ከኋላዋ ባሏ ሕፃኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያስገሳው ይታያል።

"እኔ እቆማለሁ" አለች ጠጋኟ። "የእኛ ነው እላለሁ። ዛሬውኑ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ብልቃጡ አሁን በእኔ እጅ ነው፤ የሚከለክለኝ የለም።"

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየቻት። ቁጣ እንኳ አልነበራትም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

"አፈራችሁን አንፈልግም እማዬ" አለች። "እኔም፣ እሱም፣ ይሄም ልጅ፣ ስንሞት የምንገባው ልጄ የገባችበት ነው። እሷን ብቻዋን ትተን ከማንም አያት ጎን አንተኛም።"

ጠጋኟ ካፖርቷን ይበልጥ ሰበሰበች። "የት እንዳለች ታውቂያለሽ?" ልትላት አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ብልቃጡ ብብቷ ሥር ሞቋል።

"እሺ ልጄ" አለች። "እንግዲህ ደህና ሁኑ።"

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። እሷም የልጅ ልጇን እንደታቀፈች ደረጃውን ወጣች።